አጋርህ ጠርቷል፣ መልስ

«ዝምታ ወርቅ ነው» ያለው ሰው ከጋሼ መርዕድ ጋር ካርታ ተጫውቶ አያውቅም። ተጫውቶ ቢሆን ኖሮ ዝምታ አንዳንዴ ወርቅ፣ አንዳንዴ ደግሞ እሁድ ከሰዓትን ሙሉ የሚያስወቅስ ጥፋት መሆኑን አክሎ ይነግረን ነበር። እኔን ግን ማንም አልነገረኝም። በገዛ እግሬ ሄጄ፣ በገዛ እጄ ወንበር ስቤ ነው የገባሁበት። ወንድ ልጅ ለትዳር ሲል ብዙ ይሆናል። አንዱ ሲጋራ ይተዋል፣ አንዱ ጥርሱን ያሳጥባል፣ አንዱ የማይወደውን ዘመድ ሁሉ እየዞረ ይስማል። እኔ ብሪጅ ተማርኩ።

ብሪጅ ምን እንደሆነ የማታውቁ ከሆነ አትፈሩ፤ አዳማ ውስጥ የሚያውቁት ሰዎች ተሰብስበው በአንድ ባጃጅ ሊሄዱ ይችላሉ። የካርታ ጨዋታ ነው። ጋሼ መርዕድ በወጣትነታቸው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲሠሩ፣ በዚያ ዘመን እዚያ ከነበሩት ሆላንዶች ተማሩት። ሆላንዶቹ ከሄዱ ዘመን አልፏል፣ ጋሼም ጡረታ ወጥተው አዳማ ከገቡ ቆይተዋል፣ ብሪጁ ግን አብሯቸው መጣ። ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ አስተማሩ። አንዷ ሲስተር ጥሩነሽ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ራቁቱን ያዩ፣ ስለዚህ ማንንም የማይፈሩ። ሌላው ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ከሁሩታ እህል እያመጡ ሲነግዱ የኖሩ፣ ሲስቁ ወንበሩ የሚንቀጠቀጥ ሰው። አራተኛው አጋራቸው ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ወደ ሐዋሳ ሄዱባቸውና ጨዋታው በሦስት እግሩ ቀረ። በሦስት ሰው ደግሞ ብሪጅ አይሆንም።

እኔ ከዚህ ሁሉ ምን አገባኝ? የጋሼ መርዕድ ልጅ ሰናይት አገባችኝ፣ ማለቴ ላገባት እፈልግ ነበር። ሰናይት ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ስፌት ሱፐርቫይዘር ናት፤ እኔ ከወንድሜ ጋር የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ። ሽማግሌ ለመላክ ቀን ስመርጥ፣ ቀን ስመርጥ፣ ከአሰላ አንዱ ሰው ቀድሞኝ ላከ። ሰውዬው የራሱ ሲኖትራክ አለው። ስሙን ብዙ ጊዜ ነግረውኛል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሲኖትራኩ ነው የምለው። ጋሼ ለሽማግሌዎቹ «እናስብበት» ብለው መለሷቸው። አባት «እናስብበት» ሲል እውነትም ሊያስብበት እንደሚችል ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

«አባዬ አራተኛ ሰው አጥቶ ተበሳጭቷል» አለችኝ ሰናይት አንድ ቀን። «አንተ ካርታ ትችላለህ አይደል? ግባና ይልመድህ። ሳያውቅህ እንዴት ከሲኖትራኩ ያስበልጥሃል?»

«እንዴታ! እችላለሁ እንጂ!» አልኩ። የምችለው ኮንከር ነበር። ኮንከር የሚያውቅ ብሪጅ ይችላል ማለት፣ ጋሪ የነዳ አውሮፕላን ያበራል ማለት ነው።

የመጀመሪያው እሁድ ሄድኩ። ጨዋታው በረንዳ ላይ ነው። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ጠጠሮች ተደርድረዋል፤ የአዳማ ነፋስ ሲነሳ ካርታውን ይዞት ወንጂ እንዳይሄድ መጫኛ ናቸው። ከጀርባችን ግድግዳውን ተደግፎ በሸራ የተሸፈነ የቆርቆሮ ክምር አለ። ነፋሱ በመጣ ቁጥር ሸራው ይንፈራገጣል፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ጋሼም ጨዋታውን አቁመው ይጮኻሉ።

«ሰናይት! ይሄ የማን ቆርቆሮ ነው?»

«የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ አባዬ! አደራ ነው ብዬሃለሁ!» ትላለች ከውስጥ።

«አደራውን መቼ ነው የሚወስደው ይሄ ሰውዬ? ቤቴን እኮ ዕቃ ግምጃ ቤት አደረገው!» ይላሉ። ይህ በየሳምንቱ የሚደገም ጸሎት ነው፤ እኔም ቶሎ ለመድኩት።

ጋሼ ጨዋታውን አስረዱኝ። አራት ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ይጣመራል፤ አጋርህ ፊት ለፊትህ ይቀመጣል። ካርታ ከመጣሉ በፊት ጨረታ አለ። «አንድ ጦር» ካልክ፣ ጦር የሚባለውን ካርታ አዛዥ አድርጌ ከአሥራ ሦስቱ ዙር ሰባቱን እበላለሁ ብለሃል። ሁለት ካልክ ስምንቱን፣ እንዲህ እያለ ይወጣል። የጠራኸውን ካልበላህ ትቀጣለህ። ተቃራኒዎችህ ጨረታውን ከፍተው ሳለ መሃል ገብተህ ብትጠራ፣ እሱ «ጣልቃ» ይባላል።

«ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው» አሉኝ ጋሼ፣ ጣታቸውን አንስተው። «እኔ ጣልቃ ስገባ ብቻዬን ነኝ፤ ጠላት ከግራም ከቀኝም ነው። አንተ የምትመልሰው መልስ ነው የሚያድነኝ ወይም የሚቀብረኝ። የኔ ዓይነት ካርታ ካለህ ጨምርልኝ፤ ከሌለህ ይለፈኝ በል። በቃ።»

«በቃ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። ቀላል መሰለኝ።

ሲስተር ጥሩነሽ «አንድ ልብ» ብለው ከፈቱ። ጋሼ ጣልቃ ገቡ፤ «አንድ ጦር።» ኦቦ ገመቹ አለፉ። ተራው የኔ ሆነ። ካርታዬን አየሁት። አንዲት ጦር ብቻ አለችኝ፣ እሷም ሦስት ቁጥር። የቀረው ሁሉ ምንም የማይረባ ተራ ቁጥር ነው።

አሁን እስቲ እናንተ ፍረዱ። አንድ አዛውንት፣ ያውም ልጃቸውን ልለምናቸው ያሰብኩ አዛውንት፣ በሰው ፊት ተናግረው እኔ «ይለፈኝ» እላለሁ? እኔን እንደዚያ አላሳደጉኝም። እኛ ሰፈር ሽማግሌ ሲናገር «እውነት ነው» ይባላል፤ ባይሆን እንኳ አንገት ይነቀነቃል። ጋሼን ብቻቸውን ሜዳ ላይ ጥያቸው ብሄድ እናቴ ምን ትለኛለች?

«ሁለት ጦር» አልኩ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ።

የጋሼ ፊት በራ። «አራት ጦር!» አሉ። ሲስተር ጥሩነሽ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ መርፌ ሊወጉ የመጡ ይመስል ረጋ ብለው «እጥፍ» አሉ። ቅጣቱ እጥፍ ይሁን ማለታቸው ነው። የጠሪው አጋር ካርታ ለሁሉም ይገለጣልና፣ የኔ ሲዘረጋ ጋሼ አንዲቷን ሦስት ቁጥር ጦር እያዩ ቆዩ።

«ይቺ ናት?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እና ምኑን ነው የጨመርክልኝ?»

«አክብሮት ነው፣ ጋሼ» አልኩ። ኦቦ ገመቹ ወንበራቸውን ይዘው ሳቁ። አሥር ዙር እንበላለን ያልን ሰዎች ስድስት በላን። ጋሼ እስከ ጨዋታው መጨረሻ በስሜ አልጠሩኝም፤ «ይሄ» ነበር የሚሉኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ከጥፋቴ ተምሬ፣ ልቤን አስተካክዬ ሄድኩ። ሲስተር «አንድ አበባ» አሉ፣ ጋሼ «አንድ ልብ» ብለው ጣልቃ ገቡ፣ ኦቦ ገመቹ አለፉ። ካርታዬን ስገልጥ የልብ ንጉሥ፣ የልብ ንግሥት፣ ሁለት ኤስ፣ ምን የሌለ አለ? እጄ ላይ ድግስ ነው የተደገሰው። ግን ሰው ያለውን እንዲህ በአደባባይ ይዘረግፋል? «አለኝ፣ አለኝ» የሚል ሰው እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ጨዋ ሰው ሲጠየቅ «ኧረ ምን አለኝ» ነው የሚለው፤ ጎተራው ሞልቶም ቢሆን። ያለፈው ሳምንት ችኮላዬም ትዝ አለኝ።

«ይለፈኝ» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

ጋሼ በዚያች «አንድ ልብ» ብቻቸውን ቀሩ። ሰባት ዙር ይበቃቸው ነበር፤ አሥራ አንድ በሉ። ያልተጠራ ደግሞ ብዙ ዋጋ የለውም። ካርታዬን አንድ በአንድ እያነሱ፣ ለምስክርነት እንደሚያቀርቡ ሁሉ ለሲስተር አሳዩ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አሉ ሲስተር፣ በሐዘኔታ።

«ልጄ፣ ሳይኖርህ አለኝ ትላለህ፤ ሲኖርህ የለኝም ትላለህ» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ተሰባብሮ ነበር። «አንተ ሰው ነህ ወይስ የአየር ትንበያ?»

በሦስተኛው እሁድ ግራ ገብቶኝ፣ ጋሼ «ሁለት አበባ» ሲሉ «እርስዎ እንዳሉ፣ ጋሼ» ብዬ መለስኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለ ጠጠር ሁሉ ዘለለ። «እርስዎ እንዳሉ የሚባል ጥሪ የለም!» አሉ። ኦቦ ገመቹ ዕንባቸውን እየጠረጉ «ባዬ ጋሪ! በጣም ጥሩ! እኔ እንደዚህ ያለ አጋር ለጠላቴ እመኝ ነበር፤ ዋቅ ሰማኝ» አሉ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ይህን ጨዋታ የፈጠሩ ሰዎች ይሉኝታ የሚባል ነገር ደጃቸው ደርሶ እንደማያውቅ ገባኝ፤ ተናደድኩባቸውም። ይበልጥ የከፋው ደግሞ በዚያው ምሽት የመጣው ወሬ ነው። የሲኖትራኩ ሽማግሌዎች መልስ ለመስማት ሊመለሱ ነው። ሰናይት ስትነግረኝ አልቀለደችም።

ደንግጬ ወለንጪቲ ላለው አጎቴ ታደሰ ደወልኩ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ሽንኩርት አምራች ነው፣ ሰርግ ላይ ምርቃት ሲጀምር ወጥ ይቀዘቅዛል። ሽማግሌ ሆኖ ሊሄድልኝ ቀድሞ ተስማምተናል፤ የቀጠርነው ግን ለወሩ መጨረሻ ነው። ስለ ሲኖትራኩ ነገርኩት። «ተወው ለኔ» አለኝ። አጎቴ «ተወው ለኔ» ሲል መፍራት እንደነበረብኝ አሁን ነው የሚገባኝ።

በሚቀጥለው እሁድ፣ እኔ ካርታ በእጄ ይዤ ጋሼ ፊት ለፊት ተቀምጬ ሳለሁ፣ የውጭ በር ተንኳኳ። አጎቴ ታደሰ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘራ የያዙ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ገባ። ሙሽራ ሽማግሌው በሚላክበት ቀን የልጅቷ ቤት ድርሽ አይልም፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። እኔ ደግሞ በረንዳው ላይ፣ ከልጅቷ አባት ጋር፣ ካርታ እያራገብኩ ነኝ። አጎቴ ሲያየኝ የያዘው ሰላምታ አፉ ላይ ቀረ።

«ይሄ ልጅ… እዚህ ምን ያደርጋል?»

«አራተኛ ሰው ጠፍቶ ነው» አሉ ጋሼ፣ ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደማይችል ሁሉ። ልነሳ ስል «ቁጭ በል፤ የተጀመረ ጨዋታ አይተውም» ብለው አስቀሩኝ። ለእንግዶቹም ወንበር አሳዩ።

«ቁም ነገር ይዘን ነው የመጣነው፤ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» አለ አጎቴ። እንደ ወጉም ቆሞ ስለ ዘር፣ ስለ ምግባር፣ ስለ ጉርብትና ብዙ አወራ። ጋሼ በትዕግሥት ሰሙት።

«መልካም ብለዋል» አሉ በመጨረሻ። «ግን አልደብቅዎትም፤ ከእርስዎ በፊት የመጡ አሉ። ልጃቸው የራሱ መኪና አለው፣ ትልቅ መኪና።»

«መኪና ይጋጫል» አለ አጎቴ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወርውሮ። «የኛ ልጅ ቤት ሠርቷል!»

«ቤት?»

«ቤት! ባለ አራት ክፍል! ተሠርቶ አልቋል፤ የቀረው ቁልፍ መግጠም ነው።»

ስለዚህ ቤት ትንሽ ልንገራችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ቁራሽ ቦታ ነው። የድንጋይ መሠረት አለው። ግድግዳ የለውም፣ ጣሪያ የለውም፤ የጎረቤት ፍየሎች ከነፋስ ይጠለሉበታል። ቁልፍ ቢገጠም የሚገጠመው ፍየሎቹ ላይ ነው።

ጋሼ ካርታቸውን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ጠጠር ጫኑበት። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

«አጋርህ ጠርቷል» አሉኝ። «መልስ።»

እንደዚያን ቀን ላብ አልቦኝ አያውቅም። ዝም ብል መስማማት ነው። «አዎ» ብል ጋሼ ነገ ማለዳ ባጃጅ ተሳፍረው ቤቱን ሊያዩ ይሄዳሉ፤ ፍየሎቹ ይቀበሏቸዋል፤ ሰናይትም ወደ አሰላ ትሄዳለች። «የለም» ብል ደግሞ ያሳደገኝን ሰው፣ ለኔ ሲል በፀሐይ የመጣውን ሰው፣ በሰው ቤት በሰው ፊት ውሸታም ማድረጌ ነው። አጎቴ ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም። ጨምርልኝ የሚል ዓይን ነበር።

«ይለፈኝ» አልኩ።

«ምንድነው ይለፈኝ?» አለ አጎቴ።

«የለኝም ማለቱ ነው» አሉ ሲስተር ጥሩነሽ፣ አስተርጓሚ ሆነው።

«አጎቴ፣ ይቅር በለኝ። መሠረት ብቻ ነው ያለኝ። ቤቱ ገና ነው።»

«ሽማግሌ ውሸታም ታሰኛለህ?» አለ አጎቴ። ጋቢውን ሰብስቦ ወደ በሩ ዞረ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን አነሱ። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው።

«ይቆዩ እስቲ። እኔም ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን ብዬ ነው። እሺ አንተ፣ ያለህን ንገረኝ። ምን አለህ?»

አያችሁ፣ ሰው አመሉን ከየት ያመጣዋል? አፌ እኔን ሳያማክር «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምን አለኝ ብለው ነው…» ብሎ ጀመረ። ጋሼ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

«አሁንም!»

«መሠረት አለኝ!» አልኩ እየጮህኩ፤ ተናድጄ ነበር። «ከወንድሜ ጋር የምሠራበት ሱቅ አለኝ! ጤና አለኝ! ሰናይትን እወዳታለሁ! ሌላ የለኝም፤ ይኸው ነው ካርታዬ!»

«እወዳታለሁ» የሚባለው ነገር በሽማግሌ ፊት የሚባል አይደለም። ኦቦ ገመቹ ወደ ሰማይ አዩ። ሲስተር በካርታቸው ፊታቸውን አራገቡ። አንደኛው ሽማግሌ ሳል ጀመረው።

«ጣሪያስ?» አሉ ጋሼ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጣሪያ የለኝም።»

«አለው።»

ሰናይት ናት። የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች እንጃ። በአገጯ በሸራ ወደተሸፈነው ክምር አመለከተች።

«አባዬ፣ ያ ቆርቆሮ የባልደረባዬ አይደለም፤ እኔ ነኝ የገዛሁት። ከደሞዜ እየቆጠብኩ ነው። ለዚያ መሠረት ነው።»

ሸራው በነፋሱ ተንፈራገጠ። ሁላችንም ዞረን አየነው። እኔ ከሁሉም በላይ ነው የደነገጥኩት፤ ስንት እሁድ ጀርባዬን ሰጥቼው የተቀመጥኩት ነገር የራሴ ጣሪያ ኖሯል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርህ ለአጎትህ ትነግራለህ፤ አጎትህ ፎቅ ያደርገዋል» አለች፣ ትሪውን እያስቀመጠች። አጎቴ ጋቢውን እንደገና አስተካከለ።

ጋሼ መርዕድ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ አቧራ ነው አሉ። «ስንት ወር ሙሉ ስረግመው የከረምኩት የልጄን ቤት ነው?» አሉ። ወደኔ ዞሩ። «ይሄ ነው መልስ ማለት! ገባህ? አጋሯ ጠራ፤ ያለውን ያህል ጠራ። እሷም ያላትን ያህል ጨመረችለት። እኔ ለካ እሷን ትቼ አንተን ሳስተምር ከርሜያለሁ!»

«እንግዲህ ሲኖትራኩን ይለፈው» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ዘመድ ማማከር ደንብ ነው፤ እናማክራለን» አሉ ጋሼ ለአጎቴ። «ለአሰላዎቹም እኔው እደውላለሁ። እስከዚያው ግን ተቀመጡና ሻይ ጠጡ።» መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩና ተቀመጡ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት? አጎቴ ኩርፊያው በሻይ ሲለዝብ ጨዋታውን በትኩረት ያይ ጀመር። «በሌለህ ነገር መጥራት ይቻላል?» ብሎ ኦቦ ገመቹን ጠየቀ። «ይቻላል፤ ግን ያስቀጣል» አሉት። ሁለተኛዋን ቃል የሰማት አይመስለኝም።

ዛሬ ቤቱ አለ። አራት ሳይሆን ሁለት ክፍል ነው፤ ፍየሎቹ አሁንም በር ላይ እየመጡ ይወቅሱናል። ጨዋታው እሁድ እሁድ ወደኛ ተዛውሯል። ጋሼ እኔን ትተው ልጃቸውን አጋር አድርገዋል፤ የኔ አጋር አጎቴ ታደሰ ነው። ሲስተርና ኦቦ ገመቹ ተራቸውን እየጠበቁ በኔ ይስቃሉ። ሰናይት «አንድ ልብ» ብላ ትከፍታለች፤ አጎቴ ካርታውን በደንብ እንኳ ሳያይ «አራት ጦር!» ብሎ ጣልቃ ይገባል፣ ከዚያም ያን የድሮ ዓይኑን ያነሳብኛል። አንዲት ሦስት ቁጥር ጦር ይዤ «ይለፈኝ» እላለሁ። የምጨምርለት ነገር ስለሌለኝ ብቻ ነው፤ እሱ ግን እንደ ክህደት ቆጥሮት እያኮረፈ ወለንጪቲ ይገባል። በሚቀጥለው እሁድ ከሁሉም ቀድሞ የሚያንኳኳው እሱ ነው።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጠሪም መላሽም አይሰማም። ያን ጊዜ ጋሼ ካርታቸውን አስቀምጠው፣ ጠጠር ጭነው፣ ወደ ላይ አንጋጠው «ይሄ የማን ቆርቆሮ ነው?» ብለው ይጮኻሉ። ማንም አይመልስላቸውም። ከሥሩ ያለነውን ግን አንድ ጠብታ አይነካንም።